ዕጣ የሚወጣባት ወንበር

የመንግሥት ቅድመ አንደኛ ክፍል አንዲት ወንበር በድሬዳዋ የገበያ ሰፈር በቀፊራ ለሚኖር ቤተሰብ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት የሚገባው የገበያውን ሰዓት ለሚያውቅ ነው። ድሬዳዋ ሥራዋን የምትጨርሰው ፀሐዩ ሳይከር ነው። አትክልቱ፣ ቅመሙ፣ ወተቱ፣ ከሰሉ ማልዶ ቀፊራ ይገባል፤ ረፋዱ ላይ ገበያው ይደምቃል፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ወደ ጥላው ይሰበሰባል። ጉሊት ላይ ለተቀመጠች እናት የቀኑ ገቢ የሚገኘው በእነዚያ ጥቂት የጠዋት ሰዓታት ነው። ልጇ ትምህርት ቤት የሚውለውም በእነዚሁ ሰዓታት ነው፤ ቦታ ካገኘ። ካላገኘ ከጆንያው አጠገብ፣ በባጃጁና በጋሪው መካከል ይውላል፤ ወይም ታላቅ እህቱ ከራሷ ትምህርት ቀርታ ትጠብቀዋለች።

ወንበሩ ግን ለሁሉም አይበቃም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ፈላጊው ሲበዛበት ልጆችን የሚቀበልባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። ቀድሞ የመጣን ማስቀደም አንዱ ነው፤ ይህ ሌሊት ግቢ በር ላይ ማደር ለሚችል ያደላል። በትውውቅ ማስገባት ሌላው ነው፤ ለማን እንደሚያደላ ማስረዳት አያስፈልግም። ሦስተኛው ዕጣ ነው። ከሦስቱ ንጹሑ ዕጣ ስለሆነ በአዲስ አበባም በሌሎች ትልልቅ ከተሞችም ቦታ ሲጠብ ወደ እርሱ የሚዞሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። የወላጅ ምሬት ከሁሉ የሚበረታው ግን እዚህ ጋ ነው። ቀድሞ ያልመጣ ሰው ራሱን ይወቅሳል፤ በትውውቅ የተበለጠም የሚወቅሰው ሰው ያገኛል። ዕጣ ያልወጣለት ሰው ማንን ይውቀስ?

ይህን አሠራር ከነመነሻው ማወቅ ጠቃሚ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ጸሐፊዎች የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት የሚያገኙት በድሬዳዋ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሐዲዱን ለመዘርጋት ለመጡት ፈረንሳውያን ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ በመጋላው ሰፈር በኩል ለሚያድገው ልጅ የታሰበ አልነበረም። እርሱ ፊደል የሚቆጥረው ከየኔታ ዘንድ፣ አሊፍ የሚለውም ከቁርኣን ቤት ነበር፤ ሁለቱም ዛሬም በቀፊራ ዙሪያ አሉ። በደርግ ዘመን ቀበሌዎች መዋዕለ ሕፃናት እንዲከፍቱ ተደረገና የሠራተኛው ልጅም ደጁን ረገጠ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ለሆኑ ልጆች መዋዕለ ሕፃናትን ቢያውቅም የመክፈቱን ሸክም በአብዛኛው ለግሉ ዘርፍ፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተወው። መንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ያወጣል፣ ፈቃድ ይሰጣል፣ ይቆጣጠራል። ነርሰሪ፣ ኤል ኬጂ፣ ዩ ኬጂ እያሉ ሦስት ዓመት የሚያስተምሩት የኪራይ ግቢዎች በየሰፈሩ የበዙት በዚህ መንገድ ነው። ከፋይ ወላጅ ባለበት ሰፈር ኬጂ ተከፈተ፤ በሌለበት አልተከፈተም።

መንግሥት ራሱ ወደ ሥራው በሰፊው የገባው ዘግይቶ ነው። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ወዲያው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ሕዝቡ ዜሮ ክፍል የሚለው የአንድ ዓመት ትምህርት ተጀመረ። እስከዚያ ድረስ ቅድመ አንደኛ የሚገባው ልጅ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም ነበር፤ በግማሽ ዐሥርት ዓመት ውስጥ የተመዝጋቢው ቁጥር ወደ ግማሽ ያህል ተጠጋ። በአንድ አገር የትምህርት ታሪክ ይህን የሚያህል ዝላይ ጥቂት ነው። የተዘለለው ግን በነባሮቹ ክፍሎችና ብዙ ጊዜ ለሕፃን በተለየ ባልሠለጠኑ መምህራን ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች የሚማሩበት ሁለት ዓመት አደረገው። ውሳኔው ትክክል ነው፤ በጥሬ ስሌት ግን ያው ግቢ አንድ ዕድሜ ሲያስተናግድበት በነበረው ክፍል ሁለት ዕድሜ ማስተናገድ አለበት ማለት ነው። ግማሹን ልጅ ደጅ የሚያስቀረው ዕጣ ከእንዲህ ዓይነት ስሌት ነው የሚወለደው።

አሁን ወደ ዕጣው እንግባ። ለምሳሌ አንድ ትምህርት ቤት 80 ወንበር፣ 200 አመልካች አለው እንበል። እያንዳንዱ ልጅ የመግባት ዕድሉ ከመቶ 40 ነው። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ የእያንዳንዱ ልጅ ስም በወረቀት ተጠቅልሎ በሳጥን ውስጥ ሲገባ አይቶ፣ ወረቀቱ በወላጅ ፊት ከተነሣ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ማንም ከማንም አልበለጠም። ይህን ያየ ወላጅ ልቡ ቢሰበርም አይከራከርም።

ችግሩ ዕጣው በየትምህርት ቤቱ ለየብቻ መውጣቱ ነው። በአካባቢው ሌሎች ሁለት ትምህርት ቤቶች በተመሳሳይ ሁኔታ ዕጣ ያወጣሉ እንበል። ጊዜ ያላት እናት በሦስቱም ትመዘገባለች። ከሦስቱ ቢያንስ በአንዱ የልጇ ስም የመውጣቱ ዕድል ከመቶ 78 ያህል ይደርሳል። ጉሊቷን ትታ መሄድ የማትችለው እናት በአንዱ ብቻ ትመዘገባለች፤ ዕድሏ 40 ላይ ይቀራል። በአንዱም ሳጥን ውስጥ የተጭበረበረ ወረቀት የለም፤ ሁለቱ እናቶች ግን እኩል አልተጫወቱም። ለእያንዳንዱ ምዝገባ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የክትባት ካርድ፣ ፎቶ ኮፒ ያስፈልጋል፤ የአንድ ጠዋት ሰልፍ የአንድ ጠዋት ገበያ ነው። ቦታው ይበልጥ የሚያስፈልጋት ሴት ዕድሏ ጠብቦ ወደ ዕጣው የምትመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ቅድመ አንደኛ ዕጣ አንድ ነገር ብቻ እንድናገር ብጠየቅ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ከዕጣው በኋላ የሚመጣውን የተጠባባቂ ዝርዝርም የሚያረዝመው ይኸው ነው። በሦስቱ ግቢዎች 600 ስም ተመዝግቧል ማለት 600 ልጅ አለ ማለት አይደለም፤ ከስሞቹ ብዙዎቹ ያው ልጆች ናቸው። በሁለት ቦታ የወጣለት ልጅ እስኪመርጥ ድረስ ሁለት ወንበር ይዟል። ወላጁ የግል ኬጂ ከፍሎለት፣ ወይም ቤተሰቡ ከቀፊራ ወደ ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ቤት ቀይሮ፣ ለትምህርት ቤቱ ሳያሳውቅ የቀረም አለ። ወንበሩ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው መስከረም ላይ ስም ሲጠራ ነው። ተጠባባቂው ይህን ስለማያውቅ ቁጥሩን ይዞ በየሳምንቱ ይመላለሳል። 37ኛ ተጠባባቂ መሆን ተስፋ ይሁን የተስፋ መቁረጫ ሊነግረው የሚችል ሰው የለም፤ ርዕሰ መምህሩም ቢሆን ከፊቱ ካሉት 36 ስሞች ስንቱ በሌላ ግቢ ቦታ እንዳገኘ የሚያይበት መዝገብ የለውም። የወላጆች ቁጣ ከዕጣው ዕለት ይልቅ በእነዚህ የመጠበቅ ሳምንታት የሚብሰው ለዚህ ነው።

በአገራችን ዕጣ የማያውቅ የለም። ዕቁብ ያልገባ የገበያ ሰው በቀፊራ መፈለግ ድካም ነው። በዕቁብ ዕጣ ዛሬ ያልወጣለት ሰው አይከፋም፤ ዙሩ ሳይዘጋ ተራው እንደሚደርሰው፣ የጣለው ገንዘብም እንደማይቀር ያውቃል። የሕፃን ዕጣ እንዲህ አይደለም። ዘንድሮ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ስድስት፣ ከዚያ ሰባት ይሆናል፤ አንደኛ ክፍል ይገባል፤ ያመለጠው ዓመት በሌላ ዙር አይመለስለትም። ወላጁ ከለመደው ዕጣ ጋር እያስተያየ እንደተበደለ ቢሰማው አይፈረድበትም።

ያመለጠው ነገር ትንሽ አለመሆኑም ተጠንቷል። የኢትዮጵያን ሕፃናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሲከታተል የቆየው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት በከተማ ቅድመ ትምህርት ያገኙ ልጆች ካላገኙት እኩዮቻቸው ይልቅ በኋላ በቃላትና በቁጥር ችሎታ እንደሚሻሉ አሳይቷል። በዚያው ጥናት ከከተማ ልጆች ከግማሽ በላይ ቅድመ ትምህርት ሲያገኙ ከገጠሮቹ ያገኙት እጅግ ጥቂት ነበሩ። አንደኛ ክፍል ገብቶ እርሳስ መያዝ የሚለማመድ ልጅ ፊደል ከጨረሰ ልጅ አጠገብ ሲቀመጥ ልዩነቱን ከመምህሩ በፊት ራሱ ያየዋል።

በዚህ ፈተና ያለፉት የእኛ ወላጆች ብቻ አይደሉም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ለየብቻ ዕጣ ይወጣ በነበረበት ጊዜ ቤተሰቦች በአንድ ቀን አያትን ወደ አንዱ፣ አጎትን ወደ ሌላው ልከው ኳስ ያስወጡ ነበር። ብዙ ዘመድ ያለው ልጅ ብዙ ዕድል ነበረው። መጀመሪያ የተሞከረው የምዝገባውን ብዛት መገደብ ነበር። ኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፣ ማመልከቻውንም ዕጣውንም በአንድ የኢንተርኔት መዝገብ ማካሄድ ተጀመረ፤ ዘመድ ማሰማራቱም ቀረ።

ኒው ዮርክ ከዚህም አልፋ ሄዳለች። እዚያ ለቅድመ አንደኛ የሚያመለክት ቤተሰብ የሚሞላው ቅጽ አንድ ነው፤ እስከ 12 የሚደርሱ ትምህርት ቤቶችን በምርጫው ቅደም ተከተል ይጽፋል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ የዕጣ ቁጥር ብቻ ይወጣለታል፤ ያ ቁጥር በሁሉም ትምህርት ቤቶች ያገለግለዋል። በመጨረሻ የሚደርሰው ቦታ አንድ ነው፤ አብልጦ በመረጣቸው ግን ባልደረሱት ትምህርት ቤቶች ተጠባባቂ ሆኖ ይመዘገባል። የአሠራሩ ሐሳብ ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ የሒሳብ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ካሳተሙት አጭር ጽሑፍ የመነጨ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ተጠቀመችበት፤ ሻፕሊና ሐሳቡን ወደ ሥራ ከለወጡት አንዱ የሆነው አልቪን ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለሙ።

አመጣጡ ይከብዳል እንጂ ሥራው ከባድ አይደለም። ኮምፒውተር እንኳ አያስፈልገውም። በአንድ ወረዳ ያሉ ትምህርት ቤቶች መዝገባቸውን አንድ ላይ ያመጣሉ። ቁጥር አንድ የወጣለት ልጅ የመጀመሪያ ምርጫው ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው እንዲሁ፤ የመረጠው ግቢ የሞላበት ወደ ሁለተኛ ምርጫው ይሻገራል። ታላቅ ወንድሙ ወይም እህቱ እዚያው የሚማሩለት፣ ቤቱ የቀረበ፣ ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ይቅደም ከተባለ ቅድሚያው ዕጣው ሳይወጣ ተጽፎ ይለጠፋል። ሁለት ወንበር የሚይዝ ልጅ አይኖርም። ተጠባባቂውም ከፊቱ ያሉት ስሞች የእውነት ልጆች መሆናቸውን ያውቃል። ከሁሉ በላይ፣ በአንድ ጠዋት አንዴ ተመዝግባ ወደ ጉሊቷ የተመለሰችው እናት ሦስት ቦታ ከዞረችው ጋር እኩል ትሆናለች።

በድሬዳዋ ይህን ሥራ ከሌላ ከተማ የሚለየው አንድ ነገር አለ። የአስተዳደሩ ትምህርት ቤቶች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ያስተምራሉ። የቀፊራ ልጅ ደግሞ በአንድ ቀን ከእነዚህ ሁሉ በላይ ይሰማል፤ ቤት ውስጥ ሐረሪ ወይም ዓረብኛ፣ ጎረቤት ኦሮምኛ፣ ወተት ሻጯ ዘንድ ሶማሊኛ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር አማርኛ። ስለዚህ እዚህ አንድ ወንበር ማለት ልጁ በሚገባው ቋንቋ የሚያስተምር መምህር ያለው ወንበር ማለት ነው። በአንድ ቋንቋ ፈላጊው ሞልቶ ዕጣ ሲወጣ በሌላው ክፍል ቦታ ሊተርፍ ይችላል። ተስፋ የቆረጠ ወላጅ ልጁን ባዶ ወዳለበት ቋንቋ ሊያስገባው ይፈተናል። ድሬ የቋንቋ አገር ስለሆነች ልጁ ይለምደዋል ብሎ ማሰቡም ሞኝነት አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ምርጫ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ሁሉ የሚከተለው በመሆኑ በሰልፍ ላይ ቆሞ የሚወሰን መሆን የለበትም። የሕፃናት መምህር በሦስቱም ቋንቋ በበቂ ማሠልጠን ክፍል ከመሥራት የማያንስ ሥራ ነው።

ክፍል መሥራቱ ደግሞ ቦታ ይጠይቃል። ቀፊራ በአንድ ወገን ገበያው፣ በሌላው ወገን የደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ይዘውታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከደጋው የወረደው ጎርፍ በሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ከወሰደ ወዲህ ወንዙ ዳር ሕፃናት የሚውሉበት ቤት ለማቆም የሚደፍር የለም፤ ባይደፍርም ደግ ነው። የቀረው ያሉትን ግቢዎች ወደ ላይ ማሳደግ፣ ወይም የሕዝብ ቤቶችን በከፊል ለሕፃናት መልቀቅ ነው።

ለስንት ልጅ የሚለው ጥያቄም መልስ የሚጠብቅ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ተብሎ ተመዝግቧል፤ በዚያ ቆጠራ እናታቸው ጀርባ ላይ ታዝለው የተቆጠሩት ዛሬ ወጣቶች ናቸው። ተከታዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ሆኖም የሕፃናትን ቁጥር ለማወቅ ቆጠራ መጠበቅ አያስፈልግም። የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወር ይሰጣል፤ በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ዘንድሮ የተከተቡት ሕፃናት ከአራት ዓመት ትንሽ በኋላ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቆሙት ናቸው። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በመላ አገሪቱ የልደት ምዝገባም አለ። ሰልፉ ከመሠለፉ ከአራት ዓመት በፊት በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የትምህርት ቢሮና የጤና ቢሮ ያንን መዝገብ በየዓመቱ አንድ ላይ ቢያነቡት፣ በነሐሴ ላይ ደንግጦ ሳጥን ማዘጋጀት ሳይሆን ቀድሞ ክፍል መገንባት ይቻላል።

ዕጣ ወንበር አይጨምርም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2017 መዋዕለ ሕፃናት የሚጠብቁ 26,081 ልጆች ነበሯት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ቁጥሩ 2,680 ሆነ። የሚወለደው ልጅ ማነሱ አንድ ምክንያት ቢሆንም ዋናው የተጨመረው ቦታ ነው። ጀርመን ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ መዋዕለ ሕፃናት የመግባት መብት እንዳለው በሕግ ያጸናችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ መብት ለአንድ ዓመት ልጅ አወረደችው። ቦታ የተነፈገ ወላጅ ከተማውን ሊከስ ይችላል። እዚያም ሕጉ ብቻውን መምህርና ክፍል አልፈጠረም፤ እጥረቱ በየከተማው ዛሬም አለ። ግን ተጠያቂው ማን እንደሆነ ታውቋል፤ ጥያቄው ከወላጁ ዕድል ወደ ከተማው ግዴታ ዞሯል።

እኛም ይህ ሁሉ እስኪደርስ የሚሠራ ነገር አለን። ዩኒሴፍ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሆኖ መጀመሪያ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሞከረው የተፋጠነ የዝግጁነት ትምህርት አለ። ቅድመ አንደኛ ያመለጣቸው ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በክረምት ሁለት ወር ያህል ፊደል፣ ቁጥርና አብሮ መዋል ይለማመዳሉ። የሙሉ ዓመትን ትምህርት አይተካም፤ ባዶ እጅ ከመግባት ግን በጣም ይሻላል። በየግቢው ያለውን የተጠባባቂ ዝርዝር ማን ይማር ለሚለው መነሻ ማድረግ ይቻላል፤ ልጆቹ በስም ታውቀዋል፣ ስልካቸው ተይዟል፣ ወላጆቻቸው መማራቸውን እንደሚፈልጉ በሰልፍ አረጋግጠዋል። በሐምሌና በነሐሴ የቀፊራ ዙሪያ ክፍሎች ባዶ ናቸው። የድሬን ሙቀት ለማምለጥ ትምህርቱን ማለዳ ጀምሮ ገበያው ሳይፈታ መጨረስ ይቻላል። የሚቀረው የክረምት አበል የሚከፈላቸው መምህራን መመደብና ዝርዝሩን በሰኔ ወር ከየርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ መሰብሰብ ነው።